ከተኩስ በኋላ ሲሞኖቭን ማጠብ፣ ማድረቅና መቆለፍ፦ ለጅማ ክረምት የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው አንድ ስህተት ስለሚደጋገም ነው። ሰው ዒላማ ተለማምዶ ይመለሳል። ጠመንጃውን ዘይት በዘይት ያደርገዋል፣ በጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። በሳምንቱ ሲያወጣው የበርሜሉ ውስጥ ዝጓል። "ዘይቱ የረባ አይደለም" ይላል፤ ሌላ ዘይት ይገዛል፤ ያው ይደገማል። ዘይቱ ጥፋት የለበትም። ከዘይቱ በፊት መምጣት የነበረበት ውኃ ነው የተዘለለው።

ከአባቴ የወረስኩትን፣ ፈቃዱ በስሜ የዞረልኝን ሲሞኖቭ እኔም እንዲሁ ላበላሸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሐምሌ ነው። ዶፍ እየወረደ ቤት ገባሁ፣ አዲስ ዘይት ቀባሁ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩ። በስምንተኛው ቀን ነጭ ጨርቅ በበርሜሉ ሳሳልፍ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ ወጣ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በንጽሕና የያዘውን እኔ በስምንት ቀን። ዝገቱ ገና ከላይ ስለነበር ተረፈ። ያዘንኩት ሐዘን ግን እስካሁን አለ።

ለየትኛው ጠመንጃ ነው?

የምናገረው ስለ ሲሞኖቭ ነው። ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል። 7.62 በ39 ጥይት ይጎርሳል፣ ከራሱ የማይነቀል 10 ጥይት የሚይዝ ካዝና አለው፣ ባዶውን 3.85 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለዒላማም፣ ቤትና እርሻ ለመጠበቅም የሚመረጠው ቀላልና ብዙ የማያስቸግር ስለሆነ ነው። ሌላ ዓይነት ጠመንጃ ካላችሁ የማጠቡና የማድረቁ ቅደም ተከተል ያው ነው፤ አፈታቱ ግን ይለያል።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ፈቃድ ላለው፣ በተፈቀደ ቦታ ለሚተኩስ ሰው ብቻ ነው። ጠመንጃ ለጎረቤት "ለአንድ ሌሊት" አይዋስም። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ አይተኮስም፤ የወጣው እርሳስ ተመልሶ የሰው አናት ላይ ይወርዳል። ከርከሮና ዝንጀሮ በቆሎ ቢፈጅም አደን የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ገና እየመረጣችሁ ከሆነ

በሕጋዊ መንገድ በውርስ ወይም በዝውውር የሚደርሳችሁን ጠመንጃ ከመቀበላችሁ በፊት አራት ነገር እዩ።

ባዶ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡና የበርሜሉን ውስጥ በብርሃን ተመልከቱ። ጥርሶቹ (በበርሜሉ ውስጥ ተጠማዝዘው የተቀረጹት መስመሮች) ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ብዙዎቹ ሲሞኖቮች በበርሜላቸው ውስጥ የክሮም ሽፋን አላቸው፤ ለእኛ አገር እርጥበት ትልቅ ጥቅም ነው። ክሮም ያለው ግን መታጠብ አያስፈልገውም ማለት አይደለም፤ ከበርሜሉ በላይ ሆነው የባሩዱን ጋዝ የሚቀበሉት የጋዙ ቱቦና ፒስተኑ ክሮም ላይኖራቸው ይችላል።

ቀጥሎ ልኩን እዩ። ክንዳችሁን አጥፉ፣ የሰደፉን ጫፍ የክርናችሁ እጥፋት ውስጥ አስገቡ። የጣታችሁ ጫፍ ሳትንጠራሩ ቃታው ጋ ከደረሰ ይሆናችኋል። ከዚያ እንደ ተኳሽ አንሱና አንድ ደቂቃ ያዙት። በ20 ሰከንድ ክንዳችሁ ከተንቀጠቀጠ "ቀላል ነው" ያላችሁ ሰው ስለራሱ ክንድ ነው ያወራው።

በመጨረሻ በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ እጃችሁን አንሱ። ውጪው በዘይት ስላብለጨለጨ አትታለሉ። በርሜሉ፣ መርፌው (ደረጃ 5ን እዩ) እና ቁጥሩ ናቸው የሚናገሩት።

መጀመሪያ ውኃ የሚሆነው ለምንድን ነው?

የቆዩት የምሥራቅ አገሮች የጦር ጥይቶች የሚቀጣጠሉበት ቅመም ሲነድ ጨው ይተዋል። ከምግብ ጨው ጋር ዘመዳም ነው። በርሜሉ ውስጥ፣ የጋዝ ቱቦው ውስጥ፣ መዝጊያው (ጥይቱን ወደ በርሜሉ ገፍቶ ከኋላ የሚዘጋው ብረት) ፊት ላይ ይለጠፋል። ጨው ደግሞ ከአየር ላይ ውኃ ይስባል። ክረምት ላይ የጨው ዕቃችሁን ክፈቱ፤ ረጥቦ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። በርሜሉ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው።

ጨው በዘይት አይሟሟም፤ በላምባም አይሟሟም። በውኃ ብቻ ነው የሚሟሟው። ጨው ላይ ዘይት ስትቀቡ ጨውን ከነእርጥበቱ ከታች ሸፈናችሁት ማለት ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በደረቅ አገር የሚዘገየው ዝገት እዚህ ቶሎ ይደርሳል።

"የኔ ጥይት አዲስ ነው፣ ጨው የለበትም" ትሉ ይሆናል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ እጠቡ። አንድ ሊትር ውኃ ማፍላት ከበርሜል አይበልጥም።

ዝግጅት

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። መሀል ላይ ጨርቅ ፍለጋ የተነሣ ሰው ነው ዕቃ የሚጥለው።

- አንድ ማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ፣ 1 ሊትር ያህል
- ባልዲ ወይም ሳፋ
- ታቹ የተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ፣ አፉ ላይ የገባ ቀጭን ጎማ ያለው
- መወልወያ ዘንግ (ከበርሜሉ ሥር የተሰካው ይበቃል) እና ብሩሽ፤ በብዙዎቹ ሰደፍ ውስጥ ከነማስቀመጫው አለ
- ከአሮጌ ነጭ ካናቴራ የተቆረጡ 20 ያህል ትንንሽ ጨርቆች
- ነጭ ጋዝ (ላምባ)፣ አንድ ስኒ
- ንጹሕ ቀጭን ዘይት፤ የጠመንጃ ዘይት ካጣችሁ ያልተነካ አዲስ የሞተር ዘይት
- ወፍራም ጓንት፣ ባትሪ፣ ትንንሾቹን ዕቃዎች የምታስቀምጡበት ትሪ

ቤት ካለው ነገር ለዚህ ሥራ የማይሆኑትንም ልንገራችሁ። የምግብ ዘይትና ቅቤ ይቆይና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አሲድ አለበት። በረኪና ብረት ይበላል፤ "ጥሩ አድርጎ ያጸዳል" ብሎ የሞከረ ሰው አይቻለሁ፣ ብረቱ በማግሥቱ ቀላ። ሎሚና ኮምጣጤም አታስነኩት።

ላምባው የሚከፈትበት ክፍል ውስጥ እሳት አይኑር። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ እኛ ቤት ከሰል የማይኖርበት ሰዓት ጥቂት ነው። ጀበናው ተጥዶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ላምባ አትክፈቱ። ወይ ቡናው ይለቅ፣ ወይ እናንተ በረንዳ ውጡ።

ደረጃ 1፦ ባዶ ማድረግ

ልጆችን ከክፍሉ አስወጡ። ጥይት ያለበትን ማንኛውንም ነገር ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ።

1. አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙሩ። ቀጭን የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጥይት አያቆምም፤ ከጀርባው ማን እንዳለ አስቡ።
2. ጣታችሁን ከቃታው ውጪ አድርጉ፣ ሴፍቲውን ዝጉ።
3. ከካዝናው በስተኋላ ያለውን መያዣ ወደ ኋላ ሳቡ። የካዝናው ሆድ ይከፈትና ጥይቶቹ ይወርዳሉ። እጃችሁን ከታች አድርጋችሁ ተቀበሉ።
4. አሁን ማቀባበያውን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ሳቡ። በርሜሉ ውስጥ የገባ ጥይት ካለ ይወጣል።
5. ካዝናውን ባዶውን ዝጉና ማቀባበያውን እንደገና ሳቡ። ባዶ ካዝና ሲያገኝ ተከፍቶ ይቆማል።
6. በባትሪ እዩ። ከዚያ በአንድ እጅ ማቀባበያውን አጥብቃችሁ ይዛችሁ በሌላው ትንሽ ጣት የጥይቱን ቤት (ጥይቱ የሚገባበትን የበርሜሉን ኋላ) ዳስሱ።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ማቀባበያውን ስባችሁ ከለቀቃችሁት፣ ካዝናው ውስጥ ያለው ቀጣዩ ጥይት ተመልሶ ይገባል። "ጥይቱን አውጥቻለሁ" ብሎ ቃታ ስቦ ሰው የሚጎዳው እንዲህ ነው።

*ጥይቱ አልወጣ ካለ፦* በዘንግ ከፊት አትግፉት፣ በመዶሻም አትምቱት። አፈሙዙን በዚያው አቅጣጫ ይዛችሁ ለባለሙያ ወይም ለፖሊስ ንገሩ።

ደረጃ 2፦ መፍታት

1. ተከፍቶ የቆመውን መዝጊያ ደረጃ 7 ላይ እንዳለው ዝጉት። ከኋላ በቀኝ በኩል ያለውን የክዳን ቁልፍ ወደ ላይ አዙራችሁ ወደ ውጪ ሳቡት። የላይኛው ክዳን በሞላ ስለተገፋ በአውራ ጣት ደግፉት።
2. ክዳኑን ወደ ኋላ አንሱ፣ ሞላውን አውጡ።
3. ማቀባበያው ያለበትን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ አንሱት። ከሥሩ መዝጊያው አብሮ ይወጣል።
4. ከኋለኛው ማነጣጠሪያ አጠገብ በቀኝ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ወደ ላይ አንሱ። የጋዝ ቱቦው ከነእንጨቱ ይነሣል፣ ፒስተኑ ከውስጡ ይወጣል።

ማንሻዋን ቱቦው እስኪለቅ ብቻ ነው ማንሣት። ከዚያ በላይ ከጠመዘዛችኋት በውስጥ በሞላ የተያዘች ዘንግ ተፈናጥራ ትወጣለች። ዓይን ትመታለች፤ ካልመታችም ከአልጋ ሥር ገብታ ግማሽ ቀን ትፈለጋለች። ፊታችሁን ከላይ አታድርጉ።

ቃታው ያለበትን ክፍል አትፍቱ። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ በፈላ ውኃ ማጠብ

ይህ በተተኮሰበት ዕለት፣ ከመተኛታችሁ በፊት ነው የሚደረገው። "ነገ ጠዋት" አይሠራም።

1. ጓንት አድርጉ። ጠመንጃውን በእንጨቱ ያዙ፤ በርሜሉ ይግላል።
2. አፈሙዙን ወደ ባልዲው ዘቅዝቁ።
3. የላስቲኩን ጎማ የጥይቱ ቤት ውስጥ አስገቡና የፈላውን ውኃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ግማሽ ሊትር ያህል ይለፍበት።
4. በርሜሉ ላይ ካለችው የጋዝ ቀዳዳ ትኩስ ውኃ ይተፋል። አትደንግጡ፣ ፊታችሁን ብቻ አርቁ።
5. ፒስተኑን፣ የቱቦውን ውስጥና መዝጊያውን በቀሪው ውኃ አፍስሱባቸው። የቱቦውን እንጨት አትዘፍዝፉ።

ውኃው የፈላ የሚሆነው ጨውን ቶሎ ስለሚያሟሟና ብረቱን አሙቆ ራሱን ስለሚያደርቅ ነው። ቀዝቃዛ ውኃም ጨውን ያወጣል፤ ማድረቁ ላይ ግን ያሠቃያል። የዱቄት ሳሙና አትጨምሩ፤ ራሱ ቅሪት ይተዋል።

*ውኃ ወደ ቃታው ክፍል ከገባ፦* ጠመንጃውን ገልብጣችሁ አራግፉ፣ ትንሽ ላምባ አፍስሱበትና አንጠፍጥፉ። ላምባው ውኃውን ገፍቶ ያወጣዋል።

ደረጃ 4፦ መወልወል

በርሜሉ ገና ሙቅ ሳለ ጀምሩ።

ሲሞኖቭ የሚወለወለው ከአፈሙዙ በኩል ነው፤ ከኋላ መንገድ የለውም። ዘንጉ የአፈሙዙን ከንፈር እያሻሸ እንዳይበላው በጣታችሁ መሀል ላይ ያዙት። ያቺ ከንፈር ከተበላች ጥይቱ ዒላማውን ይስታል፤ ጥፋቱን ግን ማነጣጠሪያው ላይ ትፈልጋላችሁ።

ሁለት ደረቅ ጨርቅ አሳልፉ። ቀጥሎ በላምባ የራሰ ብሩሽ አሥር ጊዜ ያህል ዳር እስከ ዳር ሳብ ገፋ አድርጉ፤ መሀል ላይ አቅጣጫ አትቀይሩ። ከዚያ በላምባ የራሰ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ፣ ደግሞ በላምባ፣ ደግሞ ደረቅ። የመጨረሻው ጨርቅ እንደገባ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቀጥሉ። ግራጫ ከወጣ የባሩድ ጥቀርሻ ነው፣ ይቀጥል። ቡኒ ከወጣ ዝገት ነው፤ ከታች "ቡኒ ከወጣ" የሚለውን እዩ።

*ጨርቅ መሀል ላይ ከተቀረቀረ፦* ዘንጉን አትምቱ። ዘይት በአፈሙዙ አንጠብጥቡ፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥይቱ ቤት ግፉት። ቀጣዩ ጊዜ ጨርቁን አሳንሱት። በተኩስ ላውጣው ማለት ግን በርሜል ማፈንዳት ነው። ጨርቅም፣ ጭቃም፣ የተጠራቀመ ውኃም ቢሆን በርሜሉን ዘግቶ ከተተኮሰ ብረቱ የተኳሹ እጅ አጠገብ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ደረጃ 5፦ መርፌው

ከሁሉም በላይ የማስብበት ደረጃ ይህ ነው።

መዝጊያው ውስጥ ጥይቱን የምትመታ መርፌ አለች። በአብዛኛው ሲሞኖቭ ውስጥ መርፌዋን ወደ ኋላ የሚይዛት ሞላ የለም፤ እንዲሁ ትንሸራተታለች። ወፍራም ቅባት፣ የደረቀ ዘይት ወይም ዝገት ከያዛት ወደ ፊት ወጥታ እንደ ሚስማር ትቀራለች። ያኔ ማቀባበያውን ስትለቁት መዝጊያው ሄዶ ጥይቱን ሲመታ ማንም ቃታ ሳይነካ ይተኩሳል። ካዝናው ውስጥ ያለውን በሙሉ አከታትሎ ሊተፋውም ይችላል።

ይህን በወሬ አይደለም የማውቀው። አንድ ጎረቤቴ ጠመንጃውን ለክረምት ብሎ መዝጊያውን ጭምር በግሪስ ሞላው። መስከረም ላይ ሳያጸዳው አቀባበለ። ቃታውን አልነካም። ጥይቷ ቆርቆሮውን በስታ ወጣች። ስደርስ ሰውዬው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ሴት ልጁ ጆሮዋን ይዛ ታለቅሳለች፣ ዝናቡ በአዲሱ ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ ምጣዱ ላይ ይወርዳል። ልጅቷ ከነበረችበት ቀዳዳው ድረስ ሁለት ክንድ አይሞላም።

ስለዚህ፦

1. መዝጊያውን ስኒ ላምባ ውስጥ አሥር ደቂቃ ዝፈቁት፣ እያነሣችሁ አራግፉት።
2. አውጥታችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። መርፌዋ ቅጭል ቅጭል እያለች ስትመላለስ መስማት አለባችሁ።
3. የእናንተው ሞላ ያለው ዓይነት ከሆነ ድምፅ አይኖረውም። ከኋላ በጣት ስትገፏት ወጥታ ራሷ መመለስ አለባት።
4. አራግፋችሁ ደረቅ ጨርቅ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ ይንጠፍጠፍ።
5. የመርፌዋ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት አትጨምሩ። ከላምባው የቀረው ስስ ሽፋን ይበቃታል። ግሪስ በፍጹም።

*መርፌዋ አልንቀሳቀስ ካለች፦* እንደገና ለአንድ ሌሊት ላምባ ውስጥ ተዉት። ጠዋትም ካልላላች ለባለሙያ ነው። ራሳችሁ ፈታችሁ አታውጧት፤ ተገልብጣ ልትገጠም ትችላለች፣ ያም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። እስኪሠራ ድረስ ጠመንጃው ጥይት አይጉረስ።

ደረጃ 6፦ ማድረቅና ዘይት

ዕቃዎቹን ዘርግታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ነፋስ የሚገባበት ጥላ ውስጥ ተዉአቸው። ፀሐይና ምድጃ አጠገብ አይደለም፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ዝናቡ ካላቆመና ቤቱ ከረጠበ ጨርቅ መቀያየሩን ጨምሩ።

ዘይት ስስ ነው። ጨርቁን ዘይት አስነኩና ብረቱን አብሱት፤ ስትነኩት ጣታችሁ ላይ የሚያብለጨልጭ እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን። ብዙ ዘይት ብዙ ጥበቃ አይደለም። አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ሰደፉ ወርዶ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ወደ መርፌዋም ይሄዳል።

በበርሜሉ ዘይት የነካ አንድ ጨርቅ አሳልፉ። ፒስተኑን በዚያው ጨርቅ አብሱ፤ ቱቦው ውስጥ ግን ዘይት አታንጠብጥቡ፣ በሚቀጥለው ተኩስ ነዶ ይጋገራል።

እንጨቱ ከደረቀ ጥቂት የተልባ ዘይት በመዳፍ አሹለት። ያን የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ግን ጨፍልቃችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት። ሲደርቅ ራሱን በራሱ አሙቆ ሊነድ ይችላል። ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁትና ከዚያ ጣሉ።

ደረጃ 7፦ መግጠምና መፈተሽ

በፈታችሁበት ተቃራኒ ግጠሙ፦ ፒስተንና ቱቦ፣ ማንሻዋ ወደ ታች፣ መዝጊያና ተንሸራታች፣ ሞላ፣ ክዳን፣ ቁልፍ። ማንሻዋ እስከ መጨረሻ ካልወረደች ቱቦው በተኩስ ይላቀቃል፤ በጣት ገፍታችሁ አረጋግጡ።

ከዚያ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ፦ ማቀባበያውን ሳቡና እዩ፣ ባዶ ነው። ባዶው ካዝና ከፍቶ ካስቆመው መግፊያውን (ካዝናው ውስጥ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋውን) በእንጨት ቁራጭ ተጭናችሁ ማቀባበያውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ይዘጋ፤ ጣታችሁን አታስገቡ። ሴፍቲውን ዝጉና ቃታውን ሳቡ፤ ቀጭ ማለት የለበትም። ሴፍቲውን ክፈቱና ሳቡ፤ ቀጭ ይላል። ሴፍቲው ተዘግቶ ቀጭ ካለ ጠመንጃው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከአገልግሎት ውጪ ነው።

ደረጃ 8፦ ጥይቱ

ጥይት ዘይት አይቀባም። ዘይት ወደ ቀለሁ ሰርጎ ቅመሙን ያበላሸዋል፤ በዘይት የራሰ ቀለህ ደግሞ መዝጊያውን ከልክ በላይ ይገፋዋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የቆርቆሮ ዕቃ አስቀምጡ።

አረንጓዴ የሸፈነውን ጥረጉት። ሥሩ ጉድጓድ ካለው፣ ቀለሁ ከተሰነጠቀ ወይም እርሳሱ ከተነቃነቀ አትተኩሱት። መጸዳጃ ጉድጓድ፣ እሳት ወይም ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፤ የአዌቱ ዳር የሚጫወቱ ልጆች ያገኙታል። ለፖሊስ አስረክቡ።

እርጥበት የገባው ጥይት ተኩስ ቦታ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል። ቃታ ተስቦ ዝም ካለ፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቆዩ፣ ከዚያ አውጡት፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለ ደግሞ ሁለተኛ አትተኩሱ። እርሳሱ በርሜሉ መሀል ቆሞ ይሆናል። ባዶ አድርጋችሁ በዘንግ እስከ ዳር መተላለፉን እዩ።

ደረጃ 9፦ ማስቀመጥ

የሚያዝገው መጠቅለያው ነው። ነጠላ፣ ብርድ ልብስ፣ የቆዳ ማኅደር፣ የታሰረ ፌስታል፣ ሁሉም እርጥበት ይዘው ብረቱ ላይ ያቆያሉ። ጭቃ ግድግዳ ላይ አታስደግፉ። ከምድጃ በላይ አትስቀሉ፤ ጭሱ ራሱ ብረት ይበላል። እሸት ቡና ወይም ያልደረቀ ጀንፈል ያለበት መጋዘን ውስጥም አይሆንም።

ቁልፍ ያለው የብረት ወይም የወፍራም እንጨት ሣጥን ከግድግዳው ጋር ይታሰር። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ጠመንጃው ባዶውን፣ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ይቁም፤ ዘይቱ ወደ መርፌዋና ወደ ሰደፉ ሳይሆን ወደ አፈሙዙ እንዲወርድ። ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚገኙትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስቡና ከታች አስቀምጡ፤ ብዙ ከሆኑ ይጠቅማሉ።

ጥይቱ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ቁልፎቹ ከእናንተ ጋር ናቸው፤ ከቁም ሣጥን በላይ አይደሉም። ልጅ ቁልፉ የት እንዳለ አያውቅም ብላችሁ አታስቡ፤ ስኳሩ የት እንደሚደበቅ የሚያውቅ ልጅ ይህንንም ያውቃል። ፈቃዱን በላስቲክ አሽጋችሁ ከጠመንጃው ለይታችሁ አኑሩ።

ደረጃ 10፦ ተመልሶ ማየት

በሁለተኛው ቀን ሣጥኑን ክፈቱ፣ ባዶ መሆኑን እንደ ደረጃ 1 አረጋግጡ፣ ነጭ ጨርቅ አሳልፉ። ነጭ ከወጣ ዘይቱን አድሱና ዝጉ።

*ቡኒ ከወጣ፦* ጨው ቀርቷል። ዘይት አትጨምሩበት። ከደረጃ 2 ጀምራችሁ በፈላ ውኃ እንደገና እጠቡ። የላይ ዝገቱን በዘይት በራሰ ብሩሽ አሹ፤ በአናጢ የብርጭቆ ወረቀት አይነካም፣ ከዝገቱ ጋር ጥርሶቹንም ይወስዳል። ውጪው ላይ ያለው ነጥብ ዝገት ዘይት አስነክታችሁ በሸካራ ጨርቅ ስታሹት ይለቃል። ከታጠበ በኋላ በበርሜሉ ውስጥ ጥቁር ጉድጓዶች ከታዩ ባለሙያ ሳያየው አትተኩሱበት።

ከዚያ በኋላ እኔ ከግንቦት እስከ መስከረም በየ15 ቀኑ፣ በበጋ በወር አንዴ አያለሁ። ሳይተኩስ ዝናብ የመታው ከሆነ የፈላ ውኃ አያስፈልገውም፤ ማድረቅ፣ ላምባ፣ ስስ ዘይት። የሣጥኑ ክዳን ውስጥ ወረቀት ለጥፌያለሁ። ያየሁበትን ቀንና የጨርቁን ቀለም እጽፍበታለሁ፦ "ሐምሌ 9፣ ነጭ"፣ "ሐምሌ 24፣ ነጭ"። ያ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው "ቡኒ" እስካሁን አልተፋቀም።